ከ«እንደገና» በፊት የነበረው ፎቶ

ብሉር ጎዳና ላይ ስለሺን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው፤ የአባቱን ስም የሚያውቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። «የትኛው ስለሺ?» ሲባል መልሱ «ስለሺ እንደገና!» ነው። ስሙን ያወጡለት ሙሽሮች ናቸው። በካሜራው ጀርባ አሻግሮ እያየ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ፣ «በጣም ቆንጆ ነበር፤ አሁን አንዴ እንደገና» ያላለው ሙሽራ የለም። የተቆረሰው ኬክ በሌላ ጎኑ እንደገና ይቆረሳል። ቀለበቱ ወጥቶ እንደገና ይገባል። ከመኪና የወረዱ ሚዜዎች ተመልሰው ይገቡና እንደገና ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ልጃቸውን ሲሸኙ የሚያለቅሱ እናት አይቶ፣ «እማማ፣ ሶፍቱ ፊትዎን ሸፈነብኝ፤ አንዴ እንደገና» ብሏቸዋል እየተባለ ይወራል። እውነት ይሁን አይሁን እሱ አስተባብሎ አያውቅም።

ይህን የሚያደርገው ሰው ማንገላታት ወዶ አይደለም። ሙያውን የተማረው በፊልም ዘመን ነው። ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ ያነሣውን የሚያየው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ምን እንደያዘና ምን እንዳመለጠው አያውቅም። ገና ወጣት ሳለ የአንድ ሙሉ ሠርግ ፊልም ካሜራው ውስጥ በደንብ ሳይያያዝ ቀርቶ ባዶውን ወጣበት። የሙሽራው ዘመዶች ደስ ብሏቸው በር ላይ ሲጠብቁ እሱ ፊልም ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል መውጣት አቅቶት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አንዴ ብቻ መደረጉ ያስፈራዋል። ዲጂታል መጣ፤ ፎቶው በተነሣበት ቅጽበት መታየት ጀመረ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም።

በሥራ ቀን ብሉር ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ የፓስፖርት ፎቶ ያነሣል፣ አሮጌ ፎቶ ያድሳል። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ነው። ወደ ሱቁ የሚመጡ እጮኛሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ፎቶ እንደሚሰጣቸው ነው። እሱ ይህን ጥያቄ አይወደውም። ወንበር ይስባል፣ በወረቀት ኩባያ ሻይ ያቀርባል፣ «እሱን ተዉትና ቀኑ እንዴት እንደሚውል እንነጋገር» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም።

ጠዋት ሙሽራዋ የምትለብሰው መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን በጎን ገብቶ ፊትን ይቀርጻል፤ የጣሪያ መብራት ግን ከላይ ወርዶ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። «ሜካፕ የምትሠራሽ ልጅ መስኮቷን ትቀማኛለች፤ ከአሁኑ ንገሪያት» ይላል። ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊትን አንድ ላይ ማንሣት ለምን እንደሚያስቸግርም ያስረዳል። ካሜራ የሰው ዓይን ያህል አይችልም፤ ቀሚሱን ሲያድን ፊቷ ይጨልማል፣ ፊቷን ሲያድን የቀሚሱ ጥልፍ በንጣቱ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ሲያስረዳ ነጭ ሶፍት አንሥቶ ከራሱ ጉንጭ አጠገብ ይይዛል። እጮኛሞቹ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ሶፍቱን ግን አያወርድም፤ ገና አልጨረሰም። ለቤተሰብ ፎቶ ዘመድ ሁሉ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ እንዲጠራ ይመክራል፤ ምክንያቱም አንድ አጎት የግድ ፓርኪንግ ፍለጋ ይጠፋል፣ እሱን ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ ሙሽራው ነው።

«አሁን ወደ ዋናው» ይልና ወንበሩን ያስጠጋል። ዋናው ጉልበት መሳም ነው። ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ወላጆቿ ይቀመጣሉ፣ እሷ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ እነሱ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ይመርቃሉ። ለተመልካች ከዚህ የሚያምር ነገር የለም፤ ለካሜራ ግን ከዚህ የከፋ የለም። የምትስመው አንገቷን ደፍታ ነው፤ ፊቷ አይታይም። የሚመርቀው ወደ ታች ነው የሚያየው፤ የሱም አይታይም። ራሷ ላይ ያለው ቬል ተንሸራትቶ እጁን ይሸፍናል። ዘመድ በሙሉ ስልኩን ይዞ ይከባቸዋል። ወላጆች ደግሞ የሚቀመጡት ሶፋ ላይ ነው፤ በዚህ ከተማ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሶፋ ሁልጊዜ ጀርባውን ለመስኮት ይሰጣል፤ ስለዚህ ፊታቸው ጥላ ነው። ስለሺ ይህን ሁሉ በእጁ፣ በወንበርና በሻይ ኩባያ እያሳየ ከተነተነ በኋላ ምስጢሩን ያወጣዋል።

«ስለዚህ ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን። አንዴ ለእናንተ፣ አንዴ ለእኔ።»

ጸዮንና ባሮክም ይህንኑ ሰምተው፣ በሶፍቱም ስቀው ነበር። እሷ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ያደገች፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። እሱ ለትምህርት መጥቶ የቀረ፣ ቀልድ የሚወድ ረጅም ሰው ነው። ስለሺ ሲጨርስ ጸዮን ባዶ ኩባያዋን በጣቶቿ ታሽከረክር ነበር።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም። ባሮክ እንዳትሰማ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ባሮክ። «እኔ ሌላው ሁሉ ውስጥ ነኝ ማለት ነው?»

«ከአባቴ ጋር አንድ ፎቶ ነው የምፈልገው። አንድ፣ ግን ጥሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አብረን የተነሣነው የለም።»

«ለምን?» አለ ስለሺ። ለማወቅ የመጓጓት ነገር አለበት፤ መጠየቅ ሲጀምር አይቆምም።

ጸዮን ትከሻዋን ሰበቀች፤ ቀስ በቀስ ግን ነገረችው። አባቷ ባህሩ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እናቷ መሠረት በታመመችበት ጊዜም ይነዱ ነበር። መሠረት በሞተችበት ቀን እሳቸው ከዊኒፔግ ከተማ ወዲያ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነበሩ፤ አልጋው አጠገብ የነበረችው ጸዮን ብቻ ናት፤ ያኔ ገና ተማሪ። አባቷ ሲደርሱ ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እሷም በሰው ሁሉ ፊት «የት ነበርክ?» አለቻቸው። አልመለሱላትም። ከዚያ በኋላ እሷ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

«ተጣልተን አይደለም እኮ» አለች። «የመኪናዬን ዘይት ቀየርሽ ወይ ይለኛል። ስለ በረዶው እናወራለን። ጥሩ ሰው ነው። ግን… ዩ ኖው… በቃ ስለ በረዶው ነው። ካሜራ ደግሞ አይወድም። ቶሎ ካልያዝከው ያመልጥሃል።»

«አያመልጠኝም» አለ ስለሺ። ይህን ያለው ከልቡ ነው።

ሠርጉ ሐምሌ ውስጥ ነበር። አባቷ የሚኖሩት ሬክስዴል ሰፈር፣ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ ነው፤ ሙሽራዋ የወጣችውም ከዚያ ነው። ስለሺ ሲደርስ በሩን የከፈቱለት የአባቷ እኅት ጸሐይወርቅ ነበሩ። ቤቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

«እንደገና መጣህ? እኔን ዛሬ አንዴ ብቻ ነው የምታነሣኝ፤ ጫማው ገድሎኛል!»

«እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እርስዎን አንዴ አንሥቶ ማን ይጠግባል?»

«ሂድ ወዲያ! ለሙሽሮቹ የምትለውን ለእኔ ታመጣለህ።»

ጠዋቱ የሰመረ ነበር። የሜካፕ ልጅቷ መስኮቱን ለቀቀች። ጸዮን በጎን ብርሃን ተቀምጣ የጆሮ ጌጧን ስታጠልቅ ያነሣት ፎቶ ስለሺን ራሱን «ኦሆሆ» አሰኘው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲመጡ የሴት ሚዜዎቹ በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ።

«ጸዮን ሐሳቧን ቀይራለች፤ ሺፍት ገብታለች!» ብላ ጮኸች አንዷ ከውስጥ።

«ሺፍቷ ሲያልቅ እንጠብቃለን» አለ ባሮክ ከኮሪደሩ። «ወንበር አውጡልን።»

«የጎረቤት ወንበር ተከራይ!»

ስለሺ አንዴ በውስጥ፣ አንዴ በውጭ እየሆነ፣ ላብ በጀርባው እየወረደ፣ እየሳቀ አነሣ። በሩን አንዴ እንደገና አዘጋቸው፤ አንዴ እንደገና ከፈቱት። ሁሉም ሳቀ፤ ስሙ ያው ስሙ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ደስታ ያላየ ሰው ስለሺን አላወቀውም፤ በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ዕድሜውን ይረሳል፣ ወገቡን ይረሳል፣ ቁርስ አለመብላቱን ይረሳል።

ከዚያ የጉልበቱ ሰዓት ደረሰ። ስለሺ እጁን አነሣ።

«እባካችሁ፣ ስልኮች በሙሉ ይቀመጡልኝ። ፎቶው ፍሬም ውስጥ ይገቡብኛል። ለሁላችሁም የማነሣው እኔ ነኝ።»

«እኔ ቪዲዮ ብቻ ነው» አሉ ጸሐይወርቅ።

«ቪዲዮም እጅ አለው እትዬ፤ እጅዎ ይታየኛል።»

ጸሐይወርቅ እያጉረመረሙ ስልካቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ሌሎቹም አስቀመጡ። ለቪዲዮ የተቀጠረው ሰው የሚጠብቃቸው አዳራሹ ጋ ነበር።

ስለሺ በበረንዳው በር በኩል ወንበር ሊያዘጋጅ አስቦ ነበር። ግን ጋሽ ባህሩ፣ አዲስ ሱፋቸውን ለብሰው፣ እንደሚጠበቀው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ በጀርባቸው ነው፤ መጋረጃው ገርበብ ብሏል። እሱ አፉን ሳይከፍት ጸዮን ተንበረከከች። አንዱን ጉልበት ሳመች፤ ሌላውን ሳመች። የአባቷ እጅ ወርዶ ራሷ ላይ አረፈ።

ስለሺ አነሣ። ቀና ብሎ የካሜራውን ጀርባ አየ፤ የፈራው ሆኗል። መስኮቱ ነጭ እሳት፣ ሰውየው ጥቁር ጥላ። ደጋግሞ አነሣ፤ ያው ነው። ከኮሪደሩ የባሮክና የሚዜዎቹ ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ባህሩ ይናገራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለና ሻካራ ነው። አንዲት ሚዜ አፏን በእጇ ያዘች። ስለሺ ግን መጋረጃውን ነበር የሚያየው። መጋረጃው ቢዘጋ፣ እሳቸው ትንሽ ወደ ግራ ቢዞሩ፣ ከበረንዳው የሚገባው ብርሃን ልክ ጉንጫቸው ላይ ይወድቃል። ቶሎ ካልያዝከው ያመልጥሃል ተብሏል። ይህ አንድ ፎቶ ነው የተጠየቀው።

«ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነበር» አለ። «አንዴ እንደገና፤ ትንሽ ወደ በረንዳው ዞር ይበሉልኝ። እትዬ ጸሐይወርቅ፣ መጋረጃውን።»

ጋሽ ባህሩ አቆሙ። አፋቸው ለአፍታ እንደተከፈተ ቆየ። ቀና ብለው ክፍሉን አዩ፤ ሰው መኖሩን ገና አሁን ያወቁ መሰሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁም ሲባሉ የቆሙ፣ ዙር ሲባሉ የዞሩ ሾፌር ናቸው፤ ሶፋው ላይ ተንፏቀው ዞሩ።

«እንዲህ?»

«እንዲያ! በቃ፣ ልክ እንዲያ!»

ጸዮን ተነሥታ እንደገና ተንበረከከች፤ ጉልበቱን እንደገና ሳመች። እጁም እንደገና ወረደ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ። ውለጂ፣ ክበጂ» አሉ ጋሽ ባህሩ፤ ለመንገደኛ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው በጠራ ድምፅ፤ ፈገግም አሉ። ካሜራው ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ ባሮክ ከኮሪደሩ ተጠርቶ ተጨመረ፣ ሁለቱም ተመረቁ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሁሉም ወደ አሳንሰሩ ወረደ።

ፎቶውስ? ፎቶው ተአምር ነበር። ብርሃኑ ከበረንዳው ገብቶ የሽማግሌውን ጉንጭ ይዞ፣ ጣቶቻቸው ላይ አልፎ፣ ቬሉ ላይ ያርፋል፤ የቀሚሱ ጥልፍ አንድ በአንድ ይታያል፤ ፊታቸውም አልጨለመም። በሶፍት ሲያስረዳ የኖረው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ዘመድ ሁሉ ተቀባበለው። ስለሺም አሳድጎ አትሞ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል፤ ገብተው «እኛም እንደዚህ» የሚሉ እጮኛሞች በዙ።

ጸዮን የመጣችው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። አልበሙን የወሰደችው ቀደም ብላ ነበር፤ ስለዚህ ስለሺ ሲያያት አንድ ነገር የጎደለ መስሎት ደነገጠ።

«ምንም አልጎደለም» አለች። «ፎቶው በጣም ያምራል። ሁሉም ሰው ያምራል ይለኛል።» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው አለህ?»

«የቱ የመጀመሪያው?»

«አባቴ እያወራ የነበረው። አንተ እንደገና ከማለትህ በፊት።»

«እሱማ ጨልሟል። መስኮቱ በጀርባቸው…»

«ምን እያለኝ ነበር?»

ስለሺ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፖስታዎች መደርደር ጀመረ።

«እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ አልሰማሁም። ቬሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። ድምፁ ተለውጦ ሰማሁትና ቀና ስል አቆመ። አክስቴን ጠየቅኳት፤ ከቦርሳዬ ዚፕ ጋር ስታገል ነበር አለችኝ፤ ሚዜዎቼም ቃሉን አልሰሙም። ባሮክ ኮሪደር ነበር። አንተ ነህ ቅርቡ።» በእጇ ለካች፤ ከእሷ እስከ ጠረጴዛው። «እዚህ ጋ ነበርክ። ምን አለኝ?»

«ጸዮንዬ…» አለ ስለሺ። «እኔ መጋረጃውን እያየሁ ነበር።»

አልተቆጣችም። «ኦኬ» ብቻ አለች። ቢኖር እንዲያትምላት ለምናው ሄደች።

ስለሺ ሱቁን ዘግቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የሠርግ ፎቶ በሙሉ አስቀምጦ የማቆየት ልማድ አለው፤ እነዚያን ጥቁሮች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቷቸው አያውቅም። አራት ነበሩ። ነጭ መስኮት፣ ሁለት ጥላ። የዛሬ ካሜራ ግን ጨለማው ውስጥ ብዙ ነገር ደብቆ ያስቀምጣል፤ ብርሃኑን ቀስ አድርገው ሲያነሡለት ይወጣል። ይህን ስለሺ በደንብ ያውቃል፤ ለሌሎች ሙሽሮችም ሠርቶላቸዋል። በሠርጉ ቀን፣ በዚያች ቅጽበት ግን ያሰበው እንደ ፊልም ዘመን ሰው ነው፤ የጠቆረው ጠቆረ፣ የጠፋው ጠፋ ብሎ።

ብርሃኑን አነሣ። የጋሽ ባህሩ ፊት ከጥላው ውስጥ እንደ አመድ ሸካራ ሆኖ ወጣ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ጉንጫቸው ረጥቧል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ጸዮን ቀና ብላለች። ቬሉ ወደ ኋላ ወድቆ፣ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ አባቷን ታያለች፤ ለካሜራ ሳይሆን ለአባት የሚሆን ፊት ነው። በቆንጆው ፎቶ ላይ ያለችው ጸዮን አንገቷን ደፍታ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሙሽራ ናት። አራተኛው ላይ ጋሽ ባህሩ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ የሚያዩት ካሜራውን ነው።

ስለሺ ሦስተኛውን አፍጥጦ ሲያይ ቆየ። የተከፈተውን አፍ ባየ ቁጥር ድምፁ ከሩቅ ይመጣ ጀመር፤ ሳያዳምጥ የሰማው ነገር። ሦስት ቃል። «እናትሽ ያን ለት…» ከዚያ ወዲያ የራሱ ድምፅ ነው ያለው።

እሑድ ፎቶውን አትሞ ሬክስዴል ሄደ። ጋሽ ባህሩ በሩን ሲከፍቱ የጉዞ ቦርሳቸው መተላለፊያው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሰኞ ወደ ዊኒፔግ ጭነት አላቸው።

«እንደገና ልታነሣኝ መጣህ?» አሉ እየሳቁ።

«አይደለም ጋሼ። ላሳይዎት ነው።»

ያው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ጨለማው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ? አፌን ከፍቼ! ዓሣ መስያለሁ እኮ።» ሳቃቸው ሳያልቅ ተቋረጠ። ጣታቸው በልጃቸው ፊት ላይ ቆመ። «ቀና ብላ ነበር እንዴ?»

«ቀና ብላ ነበር።»

«አላየኋትም። ዓይኔን ጨፍኜ።»

«ምን ሊሏት እንደነበር ጠየቀችኝ።»

«አንተን?»

«ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ ብላ።»

«ታዲያ ለምን እኔን አትጠይቀኝም?» አሉ፤ መልስ ግን የጠበቁ አይመስሉም ነበር። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ስለሺ፣ ያን ነገር ስንት ዓመት ይዤው እንደምነዳ አታውቅም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ብቻዬን እናገረዋለሁ። መኪና ውስጥ አንደበቴ ርቱዕ ነው፤ ብትሰማኝ ትገረማለህ። እሷ ፊት ስደርስ ግን ስለ ጎማ አወራለሁ። ያን ቀን እጄ ራሷ ላይ ሲያርፍ ሳላስበው ራሱ መጣ። አንተ ዞር ይበሉ አልከኝ፤ ዞርኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«አንተማ ሥራህ ነው። ዙር ስላሉኝ የምዞረው እኔ ምን ሆኜ ነው?»

«ታዲያ አሁን ይንገሯታ» አለ ስለሺ ወደፊት ጠጋ ብሎ። ሐሳቡ እየጣመው ሄደ። «እኔ ልደውልላት፤ ትምጣ፤ እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ፤ እሷም እንደዚያን ቀኑ…»

ጋሽ ባህሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«አየህ? አሁንም እንደገና እያልከኝ ነው።»

ስለሺ ፊቱ ጋለ። ሽማግሌው ፎቶውን መለሱለት።

«ለእሷ ስጣት። ለእኔም አነስ አድርገህ አንድ አትምልኝ፤ መኪናው ውስጥ የምትሆን።»

«እርስዎ በእጅዎ ቢሰጧትስ?»

«ስጣት አልኩህ» አሉ፤ ተነሥተው ሻይ ሊጥዱ ሄዱ።

ጸዮን ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ስለሺ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አላደረገውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። መጀመሪያ አባቷን አየች፤ ከዚያ ራሷን።

«እያየሁት ነበር» አለች በቀስታ። «እያየሁት ነበር እኮ።» ከዚያ ቀና አለች። «አስታወስክ?»

«ጥቂት። “እናትሽ ያን ለት” አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ጸዮን ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንዴ ለእናንተ፣ አንዴ ለእኔ ብለኸን ነበር» አለች። ለመውቀስ አልነበረም፤ ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ቅደም ተከተሉን እያስተካከለች ነበር። «የእኛ የመጀመሪያው ነበር ማለት ነው።»

«የእናንተ የመጀመሪያው ነበር።»

አመስግናው ወጣች። ስለሺ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ አያት። ብሉር ላይ የማታዋ ፀሐይ ከምዕራብ በኩል ጎዳናውን ይዛ እየመጣች ነው። ጸዮን ከሱቁ መስኮት ፊት ለፊት ቆመች፤ ከእሱ ወገን የሚታየው የትልቁ ፎቶ ነጭ ጀርባ ነው፤ ከእሷ ወገን አባቷ በፈገግታ ይመርቋታል። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ጆሮዋ ላይ አደረገች። ብርሃኑ በጎን መጥቶ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ጉንጯን፣ ከንፈሯን፣ የቅንድቧን ጫፍ ቀረጸ፤ ለእጮኛሞች ሁሉ በሶፍትና በኩባያ ሲያስረዳ የኖረው ብርሃን ነው። ካሜራው በእጁ አጠገብ ነበር። አልነካውም።

ስለሺ ለማን እንደምትደውል ገባው፤ ጋሽ ባህሩ በዚህ ሰዓት የት እንደሚሆኑም ያውቃል። እሑድ ሻዩን እየጠጡ መንገዱን ከተማ በከተማ ነግረውት ነበር፤ እሱም ጠያቂ ነውና በዝርዝር ጠይቋቸዋል። ከታላቁ ሐይቅ በስተሰሜን ያለው መንገድ ነው፤ ዛፍና ድንጋይ ብቻ፤ የስልክ ኔትወርክ የማይደርስበት። ወጥቶ ሊነግራት ፈለገ። እስከ በሩም ሄደ። እጁ እጀታው ላይ ሲያርፍ ግን ያን ክፍል አስታወሰ፤ የተከፈተውን አፍ አስታወሰ፤ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመ።

ጸዮን ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ትልቁን ፎቶ እያየች ለረጅም ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች፤ ጨለማውን ፎቶ እንዳይታጠፍ አድርጋ ኮቷ ውስጥ ደረቷ ላይ ያዘችና ወደ ሰብዌው ባቡር ጣቢያ ሄደች። እንደገና አልደወለችም።